165 ወይስ 205? ለአንድ የ1973 ቢኤምደብሊው ጎማ ስንመርጥ

ጉዳዩ የአንድ መኪና ነው። የ1973 ቢኤምደብሊው 2002 ቲአይአይ (2002 የሞዴሉ ስም እንጂ ዓመት አይደለም)፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ 130 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሪውን የሚያግዝ ሃይድሮሊክ የለውም፤ በክንድ ጉልበት ነው የሚዞረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቱ ፍራንክፈርት ብዙ ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ይህን ሞዴል ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲመኙት ኖረው ጡረታ ሲወጡ ገዙት። መኪናውን የሚፈልጉት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው በበጋ ከባለቤታቸው ጋር ረጅም ጉዞ መሄድ ነው። ከፍራንክፈርት ተነስተው፣ በኦስትሪያ የግሮስግሎክነርን ተራራ አቋርጠው፣ በጣሊያን ስቴልቪዮን ወጥተው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ትራክ ደይ ነው። ይህ ውድድር አይደለም። ከፍለው ይገባሉ፣ በተዘጋ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ መኪናዎን በተራ በተራ ይነዳሉ፣ ማንም ሰዓት አይይዝብዎትም። እሳቸው የሚሄዱት ሆክንሃይም ነው፤ መኪናውን በተጎታች ጭነው ሳይሆን እየነዱ ሄደው እየነዱ ይመለሳሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ውሳኔውን በኋላ የወሰነችው እሷ ናት።

ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጎማ ፈልግልኝ።»

የእኔን አቋም ከመነሻው ላስቀምጥ። ለአሮጌ መኪና ጥሩ ጎማ ማለት አስፋልቱን ከሁሉ አጥብቆ የሚይዘው አይደለም። ከመኪናው አቅም ጋር የሚመጣጠን፣ ሊለቅ ሲልም ለሹፌሩ ቀድሞ የሚናገር ጎማ ነው። ትራክ ላይ የሚያገኟቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ምክር የሚሰጡት በተቃራኒው ነው። ጋሼንም ሁለት ሦስት ሰው «የእሽቅድምድም ጎማ ግጠሙበት» ብሏቸው ነበር የመጡት።

የነበረው ጎማ

ሲታይ ደህና ይመስላል። ጥርሱ አላለቀም፤ ጎኑም ተወልውሎ ያበራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል።

እኛ ግን ቁጥሩን አየን። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ተርታ ፊደልና ቁጥር አለ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2309 ካለ በ2009፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ከ2000 በፊት የተመረተ ከሆነ አሃዙ ሦስት ብቻ ነው። የጋሼ አራቱም ጎማዎች በ08 የሚያልቁ ነበሩ። የዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ተለዋጭ ጎማ ደግሞ ባለ ሦስት አሃዝ ሆኖ ተገኘ። እሱን አውጥተን ለብቻው አስቀመጥነው።

ላስቲክ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ዘይት ቀስ በቀስ ይወጣል። ኦክስጅኑም ይሠራበታል። ጎማው ይደርቃል፣ ይጠነክራል። በደረቅ መንገድ ቀስ ብለው ሲነዱ ላያስታውቅ ይችላል። ዝናብ ሲመጣ፣ ወይም በድንገት ፍሬን ሲያዝ ነው ጉዱ የሚወጣው። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ጎማው ከማርጀቱ በፊት ጥርሱ ያልቃል። ክላሲክ መኪና ግን ዓመቱን በአብዛኛው ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጥርሱ ሳይነካ ጎማው ይሞታል። ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተሳፈረበት ፖርሼ ካሬራ ጂቲ ሲሞት የፖሊስ ምርመራው ዋናውን ምክንያት ፍጥነት ነው ብሏል። የጎማዎቹ ዕድሜ ግን አብሮ ተጠቅሷል፤ 9 ዓመት ያህል የቆዩ ነበሩ።

የጀርመን ሕግ ለቤት መኪና ጎማ አጠቃላይ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። የሚጠይቀው ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነው። ስለዚህ ያ የደረቀ ጎማ የመኪና ቴክኒክ ምርመራውን ሊያልፍ ይችላል። ማለፉ ግን ስቴልቪዮን ለመውረድ ይበቃል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰውም ያንኑ አራት አሃዝ ማየት ይችላል። ጎሚስታው «ጥርሱ ሙሉ ነው» ሲል ዶቱን ይጠይቁት።

ሊብሬው የሚለው

የመኪናው ሊብሬ ላይ የተጻፈው ልክ 165 ኤችአር 13 ነው። 165 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 13 ኢንች ቸርኬ፣ አር ማለት ራዲያል (የጎማው አሠራር ዓይነት)። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። «ይሄ እኮ የላዳ ጎማ ነው!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገሉት ላዳዎች በ13 ኢንች ቸርኬ ነው የሚሄዱት፤ 165 ስፋትም ለላዳ ከታዘዙት ልኮች አንዱ ነው። የሚለየው ኤች የምትለዋ ፊደል ላይ ነው። ኤች ማለት ጎማው እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ቲ ከሆነ 190፣ ቪ ከሆነ 240። ዛሬ በርካሽ የሚገኘው የ13 ኢንች ጎማ ለትንንሽ የከተማ መኪና የተሠራ ስለሆነ በአብዛኛው ቲ ነው። «190 ከሆነ መኪናውም ከ190 አያልፍ፤ ምን ችግር አለው?» ብለው ጠየቁኝ። አንደኛ፣ በጀርመን ከሊብሬው ያነሰ የፍጥነት ፊደል የሚፈቀደው ለክረምት ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ገደቡ በሹፌሩ ፊት ከተለጠፈ ነው። ሁለተኛ፣ ፊደሏ የምትናገረው ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። ትራክ ላይ ደግሞ ጎማን የሚገድለው ሙቀት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በሚሸጥ አዲስ ጎማ ላይ የእርጥብ መንገድ አያያዙን በፊደል የሚያሳይ መለያ አለ። ከጥቅምት 1990 በፊት ለተመዘገቡ መኪኖች ብቻ ተብሎ የሚሠራ ጎማ ግን ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። ስለዚህ ክላሲክ ጎማ የሚገዛ ሰው መለያውን አይቶ ማወዳደር አይችልም። የአሠራሩን ጠባይ ማወቅ አለበት።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩት አማራጮች

አራት ነበሩ። እኩል ጊዜ ግን አልወሰዱብንም።

15 ኢንች ቸርኬ ላይ 195/50 ማድረግ ይቻላል (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው)። በዚህ ልክ ገበያው ሰፊ ነው፤ ከተራ ጎማ እስከ ትራክ ጎማ ሁሉም ይገኛል። የ2002 ባለቤቶችም ብዙ ጊዜ ያደርጉታል። ጋሼ ፎቶውን አይተው ወዲያው እምቢ አሉ። መኪናው የኤች ታርጋ አለው፤ ይህ በጀርመን 30 ዓመት ለሞላቸውና እንደ ጥንቱ ለተጠበቁ መኪኖች የሚሰጥ ነው። ለውጥ ሲደረግ ከዘመኑ ጋር የሚሄድ መሆኑን መርማሪው ያያል፤ ልኩም ሊብሬው ውስጥ መግባት አለበት። ጎኑ አጭርና ጠንካራ የሆነ ጎማ ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ወደ አሮጌው ቦዲ ያስተላልፋል። ይህ አማራጭ እዚያው ላይ ተዘጋ።

ሁለተኛው 185/70 አር 13 ነው። ይህ የታላቅ ወንድሙ፣ የ2002 ቱርቦ ልክ ነው። ከ165ቱ ሰፋ ይላል፤ ቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስናሰላው 165ቱ በ80 በመቶ ከፍታ 594 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 185/70 ደግሞ 589። ጥሩ አማራጭ ነው፤ ማንም ቢያደርገው አልቃወምም። ሰፋ ያለ ቸርኬ ላይ ነው በደንብ የሚቀመጠው፤ የጋሼ ቸርኬ ደግሞ 5 ኢንች ነው። መሪውም ይከብዳል። ለ30 ዓመት ጎረምሳ ይህ ምንም አይደለም። በስቴልቪዮ 48 ጠባብ ኩርባ መሪ ለሚያዞሩ ለጋሼ ክንድ ግን ለውጥ አለው።

ሦስተኛው ሁሉም የሚያወራለት ነው፤ መንገድ ላይ መነዳት የሚፈቀድለት የትራክ ጎማ። በ13 ኢንች ቶዮ አር888አር አለ፤ በ185/60ም በ205/60ም ይመጣል። በአሜሪካ የጥርስ ዕድሜ መለኪያ 100 ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ላስቲኩ ለስላሳና ቶሎ የሚያልቅ መሆኑን ያሳያል። ሲሞቅ አስፋልቱን በጣም ይይዛል። ይህን ማንም አይክድም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ለጋሼ ወረቀት ላይ ያስረዳኋቸውን ልድገመው፤ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው።

መጀመሪያ ቁመቱ። 185/60 አር 13 ቁመቱ 552 ሚሊ ሜትር ነው። ከ594 ሲቀነስ 7 በመቶ ያህል ያጥራል። ጎማ ሲያጥር ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ላይ የበለጠ መዞር አለበት። የጋሼ መኪና አራት ማርሽ ብቻ ነው ያለው። በአራተኛ በ120 ሲሄድ ሞተሩ አሁን በደቂቃ 4,000 አካባቢ ይዞራል። በ185/60 ወደ 4,300 ይጠጋል። ከፍራንክፈርት እስከ ኦስትሪያ ያን ድምፅ ሲሰሙ መዋል ነው። የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያነባል። 205/60 ይሻላል፤ 576 ነው። እሱ ግን ሰፊ ቸርኬ ይፈልጋል፤ ፓራፋንጎውን እንዳይነካም መታየት አለበት።

ቀጥሎ መኪናው ራሱ። ጎማው ብዙ በያዘ ቁጥር መኪናው ኩርባ ላይ የበለጠ ይጋደማል፤ የ50 ዓመት ለስላሳ ሞላ አያቆመውም። ሲጋደም የፊት ጎማው አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ጎማው በሙሉ ፊቱ መቆሙ ይቀርና በውጭ ትከሻው ብቻ ይቆማል። ያ ውድ ላስቲክ በትከሻው ይበላል። ጭነቱ ወደ ኩሽኔቱ፣ ወደ ቡሎኑ፣ ወደ ቸርኬው ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት 165 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያመጣውን ኃይል አስበው ነው። የሞተር ዘይቱም ጉዳይ አለ። በዚህ መኪና ዘይቱ የሚቀመጠው ከሞተሩ ሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ነው። መኪናው ረጅም ኩርባ ላይ አጥብቆ ሲይዝ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። ዝም ብሎ ጎማ መቀየር የመሰለው ነገር ሞተር ሊያስበላ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ጠባዩ። የ2002 የኋላ እግር አሠራር የታወቀ አመል አለው። ኩርባ መሀል ላይ ሹፌሩ ደንግጦ ነዳጁን ከለቀቀ ኋላው ሊወጣ ይችላል። በጠባቡ ጎማ ይህ የሚሆነው በዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ ቀስ ብሎም ነው የሚመጣው። በትራክ ጎማ ግን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሲለቅ ፍጥነቱ ከፍ ብሏል፤ የማስተካከያው ጊዜም አጭር ነው።

በመጨረሻ ዝናቡ። ጥርሱ ጥቂት የሆነ የትራክ ጎማ በተኛ ውሃ ላይ ደካማ ነው። ከሆክንሃይም ወደ ፍራንክፈርት የሚመለሱት ደክሟቸው፣ በአውቶባን፣ ምናልባትም በዝናብ ነው። ጎማው የዚያን ጊዜም ጎማቸው ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ብዙ አዩት። «ታዲያ ለምን ሁሉም ይመክሩኛል?» አሉ። የሚመክሯቸው መኪናቸውን ጭነው የሚመጡ፣ ሞላውንም ሾክ አብዞርበሩንም የቀየሩ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ልክ ነው። ለእሳቸው አይሠራም።

አራተኛው የቀረው የፋብሪካው ልክ ነው።

የተወሰነው

ሚሽላን ኤክስኤኤስ፣ 165 ኤችአር 13። ሚሽላን ይህን ጎማ ያወጣው በ1965 ነው። የውስጥና የውጭ ወገን ጥርሳቸው ከተለያየ የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች አንዱ ነው። ኩባንያው ዛሬም ለክላሲክ መኪኖች ያመርተዋል። በሊብሬው ልክ ስለሆነ ምንም ወረቀት አያስፈልገውም። ቀጭን በመሆኑ መሪው ይቀላል፤ ውሃንም ሰንጥቆ ያልፋል። ጎኑ ረጅም ስለሆነ ኩርባ ላይ ተለጥጦ ተለጥጦ ነው የሚለቀው፤ ሹፌሩ በመሪውም በመቀመጫውም ይሰማዋል። ዋጋው ከዘመናዊ የ13 ኢንች ጎማ በጣም ይበልጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ባለቤቴ አጠገቤ ናት የምትቀመጠው» ብለው ወሰኑ።

ግዢው ራሱ ትዕግሥት ጠየቀ። ክላሲክ ጎማ በየቀኑ አይመረትም። በአንድ ጊዜ ይመረትና መጋዘን ይቀመጣል። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሻጭ ያቀረበልን ጎማ አራት ዓመት የተቀመጠ ነበር። አልወሰድነውም። ከመክፈላችሁ በፊት የዶቱን ቁጥር ፎቶ ላኩልኝ በሉ፤ ነውር የለበትም። ሌላ ሻጭ አምስቱንም በአንድ ዓመት የተመረቱ አድርጎ ሰጠን። አምስት ያልኩት ተለዋጩም አዲስ መሆን ስላለበት ነው።

ጎሚስታው ዘንድ ሁለት ነገር ላይ ቆመን ተከታተልን። ቸርኬው ውስጠኛ ጠርዙ ላይ ጎማውን የሚይዝ ከፍ ያለ ቀለበት አለው ወይ የሚለውን አየን፤ አለው። ያ ቀለበት የሌለው በጣም አሮጌ ቸርኬ ከሆነ ኩርባ ላይ ጎማው ከቦታው ሊወጣ ስለሚችል ካላማዳሪያ ውስጡ ማስገባት የተለመደ ነው። የእኛ አላስፈለገውም። ሁለተኛው፣ ኤክስኤኤስ ወደ ውጭ የሚታይ ወገን አለው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ገልብጦ ሊገጥመው ይችላል። ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ አስነብቡት።

ባላንስ ተደረገ፤ አላይመንቱም ተስተካከለ። የፍሬን ዘይቱም በአዲስ ተቀየረ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ያለው ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ጎማ ብቻውን መኪና አያቆምም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጋሼ በእርጋታ ነዱት፤ የአዲስ ጎማ ቆዳ እስኪነሳ ድረስ ያዳልጣል።

ተራራው ላይ

የግሮስግሎክነር መንገድ በ1935 የተከፈተ፣ 48 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 36 ጠባብ ኩርባዎች ያሉት ነው። ዋናው መንገድ ሆኽቶር ላይ 2,504 ሜትር ይደርሳል። ስቴልቪዮ ከዚያም ይበልጣል፤ 2,757 ሜትር ነው።

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት «ከፍታ ላይ ንፋሱን ልቀንስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሹፌርንም ይመለከታል። ከፍታ ሲጨምር የውጩ አየር ግፊት ይቀንሳል። ከፍራንክፈርት እስከ 2,500 ሜትር ልዩነቱ ሩብ ባር ያህል ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ላይ የጎማው ንፋስ በዚያ መጠን የጨመረ ይመስላል። ግን ላይ ይበርዳል። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የጎማው ግፊት በ0.1 ባር ገደማ ይወርዳል። 15 ዲግሪ ከቀዘቀዘ አብዛኛው ልዩነት ይጣፋል። ስለዚህ አይንኩት አልኳቸው። ታች ላይ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በመኪናው መመሪያ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ይሙሉ። ይበቃል።

ጉዞው የሆነው እንደተጠበቀው ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸው፤ ስቴልቪዮን ሲወርዱ ደግሞ መንገዱ እርጥብ ነበር። ጋሼ የነገሩኝ አንድ ነገር ደስ አለኝ። አንድ ኩርባ ላይ በትንሹ ፈጥነው ገቡ። የፊት ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ውጭ ሄዱ፤ መሪውም በእጃቸው ውስጥ ቀለል አለ። እግራቸውን ሳያስደነግጡ ነዳጁን ቀስ ብለው ቀነሱ። መኪናው መስመሩን ያዘ። ባለቤታቸው አላወቁም።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረዱት። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የፍሬኑ ሙቀት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ይገባል።

ሆክንሃይም

ትራኩ 4.574 ኪሎ ሜትር ነው። ፓራቦሊካ የሚባለው ረጅሙ ክፍል በሙሉ ነዳጅ የሚነዳ ሲሆን መጨረሻው ላይ በጣም ጠባብ ኩርባ አለ። ለፍሬንም ለፊት ጎማም ከባዱ ቦታ እዚያ ነው። ከመሄዳቸው በፊት የኢንሹራንስ ውላቸውን አብረን አነበብን። ብዙ ውሎች በእንዲህ ያለ ቦታ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍኑም፤ የየራስን ውል ማንበብ ግድ ነው።

ጎማው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥሩ ነበር። ከዚያ መጮህ ጀመረ። ረጅም ጥርስ ያለው ጎማ ትራክ ላይ ሲገፋ ጥርሶቹ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜው ያሞቃቸዋል፤ ሲሞቁ መያዛቸው ይቀንሳል። ይህ የጎማው ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ ነው። መፍትሔው በአጭር በአጭሩ መንዳት ነው። ጋሼ ጥቂት ዙር ይነዳሉ፤ የመጨረሻውን ቀስ ብለው ያበርዱበታል፤ ወጥተው ያርፋሉ። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይስቡም፤ ማርሽ ውስጥ ይተዉታል።

ንፋሱን በጠመኔ ነው የለካነው። ከጎማው ፊት እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። ከጥቂት ዙር በኋላ መስመሩ የት ድረስ እንደተፋቀ ይታያል። ጎኑ ላይ ወርዶ ከተፋቀ ጎማው ተጋድሟል፤ ንፋስ ይጎድለዋል። ትከሻው ሳይነካ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል። የጋሼ የፊቶቹ በጣም ተጋድመው ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ጨመርን። ሲሞቅ ግፊቱ በራሱ እንደሚጨምር አስበን በመጠኑ ነው የጨመርነው። ከ20 ወደ 70 ዲግሪ የሞቀ ጎማ ግማሽ ባር ያህል ይጨምራል። ትራክ ላይ ያስተካከሉትን ንፋስ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት ወደ መንገዱ ልክ መመለስ ደግሞ መረሳት የለበትም። በተለይ ሲሞቅ ንፋስ ያስተነፈሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት በጎደለ ጎማ አውቶባን ይወጣል።

ዘመናዊ መኪኖች አለፏቸው። ብዙ መኪኖች። ጋሼ መንገድ እየሰጡ ቀጠሉ። እኔ ከዳር ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። ጠዋት ኩርባ ውስጥ መሪውን ይጎትቱ ነበር፤ ከሰዓት ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ጨርሰው፣ መሪውን አንዴ አዙረው፣ መኪናው በአራቱም እግሩ በእኩል እየተንሸራተተ ሲወጣ አየሁ። በዚያ ጎማ ይህ የሚሆነው ሰው ሊቆጣጠረው በሚችል ፍጥነት ነው። በጣም የሚይዝ ጎማ ቢሆን ኖሮ ያንን ስሜት ለማግኘት መድረስ የነበረባቸው ፍጥነት ያስፈራኛል።

ማምሻውን ዘነበ። በሰላም ገቡ።

አሁን ያለበት

የፊት ጎማዎቹ የውጭ ትከሻ ተበልቷል። ከባድ አይደለም፤ ግን ይታያል። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት በየወገኑ አዛውረነዋል። አላይመንት ሲደረግም የፊት ጎማዎቹ አናት በጥቂቱ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ጠይቀናል። ክረምቱን መኪናው ቆሞ ሲያሳልፍ ጎማው አንድ ቦታ እንዳይጠፈጠፍ ንፋሱን ከፍ አድርገን አልፎ አልፎ እናንቀሳቅሰዋለን።

ጋሼ ትራኩን ወደውታል። ከዚህ በላይ ቢደጋግሙት ሐሳቤን እለውጣለሁ። ያኔ በአንድ ጎማ ሁለቱን መሥራት አያዋጣም፤ ኤክስኤኤሱን ትራክ ላይ መጨረስ ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለተኛ ስብስብ ያስፈልጋል፤ ባለ 6 ኢንች የዘመኑ ቸርኬ ላይ 205/60 አር 13። ኢ21 የሚባለው የቢኤምደብሊው ሞዴል ቸርኬ የቡሎን ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍለጋውን ከዚያ መጀመር ይቻላል። ግን ቅደም ተከተሉን ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ አራቱም ኩሽኔት ይታይ። ከዚያ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ፣ ቀጥሎ ዘይቱ እንዳይሸሽ ገንዳው ውስጥ የሚገባው መከለያ። ቸርኬው በሊብሬው ይመዝገብ። ጎማው የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የሚገባውም በደረቅ ቀን ብቻ ነው።

ለጊዜው ኩሽኔቶቹን እንዲያይልን ጋራዥ ቀጠሮ ይዘናል።